ሁለት ወረቀቶች ስለተስማሙ ሰርቨሩ ተስማማ ማለት አይደለም

ሰሞኑን በሙያ ባልደረቦቼ መካከል ሲዘዋወር የቆየ አንድ ጽሑፍ ደረሰኝ። የሚያወራው የኤፒአይ (አንድ ፕሮግራም ከሌላው ጋር የሚነጋገርበት በር) ጥያቄዎች ስብስብ፣ እኛ ኮሌክሽን የምንለው፣ ከኤፒአዩ መግለጫ ጋር እኩል እንዲራመድ ምን ማድረግ እንደሚገባ ነው። ላላነበባችሁት ፍሬ ነገሩን ላስቀምጥ። ጸሐፊው እንደሚሉት እውነቱ ያለው በመግለጫው ውስጥ ብቻ ነው፤ ኮሌክሽኑ የመግለጫው ጥላ ነው። ስለዚህ መግለጫው በተለወጠ ቁጥር አሮጌው ኮሌክሽን ይጥፋ፣ አዲሱ በመሣሪያ ይመንጭ፣ ሥራውም የሰው እጅ ሳይገባበት በራሱ ይካሄድ። ሁለቱ ከተስማሙ ችግሩ ተፈታ። ምሳሌዎች በመግለጫው ውስጥ ስለሚጻፉ የሚጠፋ ነገር አይኖርም። ለውጥ ሁሉ ከመግለጫው ይጀምር፤ ኮሌክሽኑን ቀድሞ የሚነካ ሰው ሥርዓት አፍራሽ ነው። በመጨረሻም የተመነጨው ኮሌክሽን ደመና ላይ ይቀመጥና አጋሮች ሁሉ በአንድ ሊንክ ያግኙት።

ጽሑፉ በጥሩ አማርኛ የተጻፈ፣ ሐሳቡም ንጹሕ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቢደርሰኝ ኖሮ አጨብጭቤ ለቡድኔ አከፋፍለው ነበር። እንዲያውም ምክሩን ሳልሰማ በፊት በራሴ ጊዜ አድርጌው አይቻለሁ፤ ለምላሽ ብዕር ያስነሣኝም ያ ነው።

መጀመሪያ በቃላቱ እንግባባ። መግለጫ የምለው በኦፕንኤፒአይ ደንብ የሚጻፈውን፣ እያንዳንዱ የኤፒአይ አድራሻ ምን ተቀብሎ ምን እንደሚመልስ የሚዘረዝረውን፣ ያምል ወይም ጄሰን በሚባል ቅርጽ የተቀመጠ የጽሑፍ ፋይል ነው። ቀድሞ ስዋገር ይባል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ በሊኑክስ ፋውንዴሽን ሥር ወዳለው የኦፕንኤፒአይ ኢኒሼቲቭ ተዛወረና በ2016 ስሙ ተቀየረ። ብዙዎቻችን ዛሬ የምንሠራባቸው 3.0 በ2017፣ 3.1 ደግሞ በ2021 የወጡ ናቸው። ኮሌክሽን የምለው በፖስትማን፣ በኢንሶምኒያ፣ በብሩኖ ወይም በመሰል ፕሮግራሞች ውስጥ አስቀምጠን አንድ አንድ እየከፈትን የምንልካቸውን ጥያቄዎች ነው። መግለጫው ስለ ኤፒአዩ ይናገራል፤ ኮሌክሽኑ ኤፒአዩን ያናግራል። የጽሑፉ ስሕተት የሚጀምረው እነዚህን ሁለት ሥራዎች አንድ ካደረገበት ቦታ ነው።

ጸሐፊው የተነሡበት ችግር ግን እውነተኛ ነው፤ ይህን ልክድ አልችልም። አዲስ አበባ ውስጥ ሥርዓቱን ከአንድ የክፍያ አገልግሎት ጋር ያገናኘ ሰው ኮሌክሽን በቴሌግራም ደርሶት ያውቃል። የፋይሉ ስም «የመጨረሻ» ይላል። በሳምንቱ «የመጨረሻ 2» ይመጣል። በወሩ ደግሞ «ትክክለኛው የመጨረሻ»። መግለጫው በበኩሉ የሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ፣ በሌላ የሥሪት ቁጥር ተቀምጧል። ከአንዱ ወደ ሌላው በእጅ እየገለበጡ ሁለቱን እኩል ማስኬድ እንደማይቻል በበኩሌ ምንም ክርክር የለኝም። ክርክሬ ከመድኃኒቱ ጋር ነው።

ጥላ ነው ወደሚለው ልምጣ።

ከአንድ የክፍያ አቀባባይ ድርጅት ጋር ስንሠራ፣ ክፍያ ለማስጀመር የሚላከው ጥያቄ ፊርማ የሚባል ፊልድ፣ ማለትም የመረጃ መሙያ ቦታ፣ ነበረው። መግለጫው ስለዚህ ፊልድ የሚለው ሁለት ነገር ነው፤ ዓይነቱ ጽሑፍ ነው፣ መላኩም ግዴታ ነው። በቃ። ፊርማው እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቀው ኮሌክሽኑ ነበር። ጥያቄው ከመላኩ በፊት የሚሮጥ አንድ ስክሪፕት፣ ማለትም አጭር ፕሮግራም፣ ፊልዶቹን በፊደል ተራ ይደረድራል፣ ባዶ የሆኑትንና ራሱን ፊርማውን ያወጣል፣ የቀሩትን በአንድ መስመር ያያይዛል፣ ከዚያ በግል ቁልፍ ይፈርማል። ባዶዎቹ መውጣት እንዳለባቸው ማንም አልነገረንም፤ በየትኛውም ሰነድ ላይም አልተጻፈም። አንድ ባልደረባዬ ሁለት ቀን ሙሉ ፊርማው ልክ አይደለም የሚል መልስ እየተቀበለ፣ ፊልዶቹን አንድ በአንድ እያወጣና እያስገባ ነው ያገኘው። ሲያገኘው ስክሪፕቱ መሐል አንዲት የአማርኛ ማስታወሻ ጻፈ፤ «ባዶውን አትፈርሙ፣ ሁለት ቀን በልቶብኛል» የምትል።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ መግለጫው ታድሶ መጣ። የተጨመረው አንድ ፊልድ ነው፤ እሱም ግዴታ ያልሆነ። እኔም ልክ ጸሐፊው እንደሚመክሩት አሮጌውን ኮሌክሽን አጠፋሁና አዲሱን አመነጨሁ። ሲከፈት ያማረ ነበር፤ ፎልደሮቹ ተደርድረዋል፣ አድራሻዎቹ ተሟልተዋል፣ የአዲሱም ፊልድ ስም በቦታው አለ። የክፍያውን ጥያቄ ከፍቼ የሚላከውን ይዘት ስመለከት ግን በገንዘቡ መጠን ቦታ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ «ቁጥር»፣ በስልኩ ቦታ «ጽሑፍ»፣ በፊርማውም ቦታ «ጽሑፍ» የሚል ተቀምጦ አገኘሁ። ስክሪፕቱ የለም። ማስታወሻዋም የለችም። መሣሪያው አልተሳሳተም፤ መግለጫው የሚያውቀውን ሁሉ አንድም ሳያጓድል ጽፏል። መግለጫው የሚያውቀው ያን ያህል ብቻ ነው። ስክሪፕቱን ያዳነልን ባልደረባዬ ለሌላ ጉዳይ ብሎ ላፕቶፑ ላይ አስቀርቶት የነበረ ቅጂ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለእኔ ነው መሰለኝ።

በማንኛውም ሥራ ላይ ባለ ኮሌክሽን ውስጥ ሁለት ዓይነት ነገር አለ። አንዱ ከመግለጫው የተቀዳ ነው፤ አድራሻው፣ የጥያቄው ዓይነት፣ የፊልዶቹ ስምና ቅርጽ። ሌላው ከሰርቨሩ ጋር በመነታረክ የተገኘ ነው። መጀመሪያ ቶከን የሚባለው የመግቢያ ፈቃድ ይጠየቃል፣ ከዚያ ትእዛዝ ይፈጠራል፣ የትእዛዙ ቁጥር ቫሪያብል በሚባል ስም ባለው ማስቀመጫ ይያዛል፣ ከዚያ ነው ሁኔታው የሚጠየቀው፤ ይህ ቅደም ተከተል የሚኖረው በኮሌክሽኑ ውስጥ ነው። ኦፕንኤፒአይ 3.0 በአንዱ ጥሪ መልስና በቀጣዩ ጥሪ መካከል ያለውን ዝምድና የሚገልጽበት ክፍል እንዳለው አውቃለሁ፤ በእጄ በገቡ መግለጫዎች ውስጥ ግን ሲሠራበት አላየሁም። የኦፕንኤፒአይ ኢኒሼቲቭ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2024 የጥሪዎችን ቅደም ተከተል የሚገልጽ አራዞ የሚባል ሌላ ደንብ ማውጣቱ ብዙ ይናገራል። በዚያው ዓመት ኦቨርሌይ የተባለውንም አወጣ፤ ዋናውን መግለጫ ሳይነኩ ከላዩ ማሻሻያ የሚያለብሱበት ደንብ ነው። ሰዎቹ ለቅደም ተከተሉ ሌላ ሰነድ፣ ለተጨማሪውም ሌላ ሰነድ ያስፈልጋል ብለው ደንብ እየጻፉ፣ ጸሐፊው ግን ሁሉም በአንዱ ፋይል ውስጥ አለ ይሉናል።

ታዲያ ሳናጠፋ እንዴት እናድስ? ጽሑፉ ይህን ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፎታል፤ ማዋሐድ አድካሚ ነው ብሎ። አድካሚ የሚሆነው በሁለት ፋይል ሲሞከር ነው። አዲሱን መግለጫና ያለንን ኮሌክሽን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ኮሌክሽኑ ላይ መግለጫው ላይ የሌለ አንድ ሄደር፣ ከጥያቄው አናት ላይ የሚላክ ተጨማሪ መረጃ፣ አለ እንበል። ይህ ሄደር ከመግለጫው ተሰርዞ ነው ወይስ እኛ ጨምረነው? ሁለቱን ፋይሎች ቀኑን ሙሉ ብታፈጡባቸው መልሱን አታገኙም። ሦስተኛ ፋይል ያስፈልጋል፤ ባለፈው ጊዜ ስናድስ መግለጫው ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳይ። ሄደሩ በአሮጌው መግለጫ ላይ ከነበረና በአዲሱ ላይ ከሌለ ተሰርዟል፤ ከኮሌክሽኑም ይውጣ። በአሮጌውም በአዲሱም ላይ ከሌለ የእኛ ነው፤ አይነካ። የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው ጊት ሁለት ቅርንጫፎችን፣ ማለትም ለየብቻ የተለወጡ ሁለት ቅጂዎችን፣ ሲያዋሕድ የሚያደርገው ይኸንኑ ነው፤ የጋራ አባታቸውን ፈልጎ ከእሱ ጋር ያስተያያል። ስለዚህ እኛ ዘንድ አሁን ሕጉ አጭር ነው፤ ኮሌክሽኑ በታደሰ ቁጥር የታደሰበት መግለጫ ቅጂ አብሮት ይቀመጣል። ለውጡ የሚሰላው በአሮጌው መግለጫና በአዲሱ መግለጫ መካከል ነው፤ ኮሌክሽኑ ላይ የሚወርደውም ያ ልዩነት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ መታወቂያ። መሣሪያው ይህ ጥያቄ የዚያኛው ኦፕሬሽን፣ ማለትም በመግለጫው የተዘረዘረው ጥሪ፣ ነው ብሎ የሚያገናኘው በምንድን ነው? በአድራሻውና በጥያቄው ዓይነት ከሆነ፣ አድራሻው ከሥሪት 1 ወደ ሥሪት 2 በተቀየረ ዕለት አንዱ ሞቶ ሌላው የተወለደ ይመስለዋል፤ የሞተው ደግሞ ስክሪፕቱንም ፍተሻውንም ይዞ ይቀበራል። ኦፕንኤፒአይ ለዚህ ኦፕሬሽን አይዲ የሚባል ስም አዘጋጅቷል፤ ከተጻፈ በመግለጫው ውስጥ መደገም የለበትም፣ መጻፉ ግን ግዴታ አይደለም። ግዴታ ማድረግ የእናንተ ፈንታ ነው፤ ስፔክትራልን የመሰለ የመግለጫ ፈታሽ ያለዚህ ስም አላሳልፍም እንዲል ማዘዝ ይቻላል። ኤፒአይ የሚሠራባቸው አንዳንድ ማዕቀፎች ስሙን ራሳቸው እንደሚያወጡም አትርሱ። ለምሳሌ ፋስትኤፒአይ ካልተነገረው በቀር ከፈንክሽኑ ስም፣ ከአድራሻውና ከጥያቄው ዓይነት ቀጣጥሎ ነው የሚሠራው፤ አድራሻው ሲቀየር መታወቂያውም አብሮ ይቀየራል ማለት ነው። መታወቂያ ያልነው ነገር ከመኖሪያ አድራሻ ጋር የሚለዋወጥ ከሆነ መታወቂያነቱ ምኑ ላይ ነው?

ቀጣዩ ነጥብ የጽሑፉ ምሰሶ ነው፤ መግለጫውና ኮሌክሽኑ ከተስማሙ ችግሩ ተፈታ የሚለው። እኔን ካጋጠሙኝ ስሕተቶች ሁሉ አድካሚው የደረሰው ግን ሁለቱ ፍጹም በተስማሙበት ጊዜ ነው።

የኢትዮጵያ ሞባይል ቁጥር ለረጅም ዘመን በ09 ይጀምር ነበር። ስለዚህ ስልክ ቁጥር የሚቀበል መግለጫ ውስጥ የሚጻፈው ሕግ አንድ ዓይነት ነበር፤ 251፣ ቀጥሎ 9፣ ቀጥሎ ስምንት አኃዝ። በ2015 ዓ.ም. መስከረም ላይ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎቱን በአገር አቀፍ ደረጃ ሲጀምር በ07 የሚጀምሩ ቁጥሮች በስፋት ወደ ሰው እጅ ገቡ። እኛ የምንጠቀምበት የአንድ ድርጅት ሰርቨር ሕጉን አሻሻለ፤ መግለጫው ግን እንደነበረ ቀረ። የእኛ ፕሮግራም የደንበኛውን ቁጥር የሚያጣራው ከመግለጫው በተመነጨ ኮድ ነው። ኮሌክሽኑም ከዚያው መግለጫ የተመነጨ ስለሆነ ምሳሌዎቹ ሁሉ በ09 የሚጀምሩ ነበሩ። ሁለቱን የሚያስተያየው ፍተሻ በየቀኑ አረንጓዴ ነው፤ ልዩነት ዜሮ።

አንድ ቀን ደንበኛ ደወለ። «የገዛ ቁጥሬን የተሳሳተ ነው ይለኛል» አለ። ግማሽ ቀን የሰርቨሩን መዝገብ ስንመረምር ዋልን፤ ምንም የለም። ለካ ጥያቄው ከእኛ ቤት አልወጣም ነበር። ሰርቨሩ 07ን በደስታ ይቀበላል፤ መግለጫው አያውቅም፤ ኮሌክሽኑ ደግሞ የመግለጫው ልጅ ነውና የአባቱን ስሕተት ወርሶ ቁጭ ብሏል። ሁለት ምስክሮች አንድ ቃል ቢናገሩም፣ አንዱ ከሌላው የሰማውን የሚደግም ከሆነ ዳኛው ፊት የቆመው ምስክር አንድ ነው። ጸሐፊው እኩል ማስኬድ የሚሉት ነገር ይህንን የምስክር ብዛት ነው የሚያጠፋው። በእጅ የተጻፈ፣ መግለጫውን ያልሰማ ጥያቄ ቢኖረን ኖሮ ደንበኛው ከመደወሉ በፊት ይጮህልን ነበር።

ስለዚህ ሦስተኛው ወገን፣ ሰርቨሩ፣ በየጊዜው መጠየቅ አለበት። መንገዱ ብዙ ነው። የፖስትማንን ኮሌክሽን ኒውማን በተባለው የትእዛዝ መስመር መሣሪያ በየሌሊቱ በሙከራ ሰርቨር ላይ ማስሮጥና የተመለሰውን በመግለጫው ቅርጽ መለካት አንዱ ነው። ስኪማቴሲስ የተባለው መሣሪያ ከመግለጫው ራሱ ጥያቄዎችን እየፈለሰፈ ሰርቨሩን ይፈትናል፤ ከሕጉ ውጪ የሆነ ነገር ልኮ ሰርቨሩ ዝም ብሎ ከተቀበለው ያንንም ይናገራል። ፕሪዝም የሚባለው ደግሞ በጠያቂውና በሰርቨሩ መካከል ቆሞ የሚያልፈውን ጥያቄና መልስ ከመግለጫው ጋር ማመሳከር ይችላል። የትኛውንም ምረጡ፤ እኔ አልከራከርም። ሰርቨሩን ሳይጠይቁ ሁለት ፋይሎችን አስታርቆ ወደ ቤት መሄድ ላይ ግን እከራከራለሁ።

ስለ ምሳሌዎች የተባለው ግማሽ እውነት አለው። ምሳሌ በመግለጫው ውስጥ መጻፍ ይቻላል፤ መልካምም ነው። ነገር ግን እዚያ የሚጻፈው አንባቢ እንዲገባው የሚቀመጥ ጨዋ ምሳሌ ነው። ኮሌክሽን ውስጥ ያለው ደግሞ ሰርቨሩን ያስቸገረው ነው። እኛ ዘንድ ያለ አንድ የሙከራ ስም እነሆ፤ «ወልደ አማኑኤል ገብረ እግዚአብሔር»። መግለጫው ስሙ ከ50 ፊደል አይብለጥ ይላል። ስሙ ከነክፍተቶቹ 21 ነው፤ በመግለጫው ዓይን ምንም ነውር የለበትም። ዳታቤዙ ግን 50 የሚለውን የሚቆጥረው በፊደል ሳይሆን በባይት፣ በኮምፒውተር ማከማቻ መለኪያ፣ ነበር። የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ 8 በተባለው የፊደል ማስቀመጫ ደንብ እያንዳንዱ ሦስት ባይት ይይዛል፤ 18 ፊደል 54፣ ከሦስቱ ክፍተቶች ጋር 57። ስሙ «እግዚአ» ላይ 48 ደረሰ፤ ከ«ብ» ሁለት ባይት ይዞ ሦስተኛውን ጣለ። ደረሰኙ ላይ የወጣው የተቆረጠ ስምና አንድ የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር ካሬ ነው። ይህችን ስም ከኮሌክሽኑ ውስጥ የሚያጠፋ መሣሪያ እኔ ቢሮ አይገባም። አንድ ተጨማሪ አለችን፤ የጳጉሜን ቀን። የቅጹን ቀን ሳይለውጥ የሚልክ ደንበኛ 13ኛ ወር ብሎ ሲመጣ፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ብቻ የሚሠራው የቀን ሕግ አልቀበልም ይላል፤ ማለቱ ልክ ነው፤ ለደንበኛው የምናሳየው መልእክት ግን ልክ መሆኑን በየጊዜው ማየት አለብን።

ለውጥ ሁሉ ከመግለጫው ይጀምር ለሚለው መልሴ አጭር ነው፤ መግለጫው የማን ነው? ጽሑፉ የተጻፈው ኤፒአዩ የራሱ ለሆነ ሰው ነው። እዚህ ያለን አብዛኞቻችን የሌላውን ኤፒአይ ተጠቃሚዎች ነን፤ መግለጫው በፒዲኤፍ ይላክልናል፣ ያውም ከተላከ። የሰው ፒዲኤፍ ላይ ለውጥ ልጀምር ብል የሚሰማኝ የለም። ስሕተት ሳገኝ የማደርገው ስሕተቱን የሚያሳይ አንድ ጥያቄ ኮሌክሽኑ ውስጥ መጻፍ ነው፤ እሱን ከነመልሱ ለባለቤቶቹ እልካለሁ። ባለቤቶቹ ሲያምኑ መግለጫው ይታረማል። እንዲህ ሲሆን የሚቀድመው ኮሌክሽኑ ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው ሥርዓት አፍራሽ ከተባለ፣ የማውቃቸው ጎበዝ ሞካሪዎች ሁሉ ሥርዓት አፍራሾች ናቸው።

የሰው እጅ አይግባበት የሚለው ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፤ እዚህ ውስጥ ጸሐፊው ያላዩት አደጋ አለ ብዬ አምናለሁ። አንድ ሰው ሲያጸዳ በስሕተት አንድ ኦፕሬሽን ከመግለጫው ሰረዘ እንበል። በራሱ የሚካሄደው ማደሻ ሌሊት ይነሣና ከኮሌክሽኑም ይሰርዘዋል። ከኮሌክሽኑ ጋር የዚያ ኦፕሬሽን ፍተሻም ይሄዳል። ጠዋት ስትገቡ ፍተሻው ሁሉ አረንጓዴ ነው። መጮህ የነበረበት ፍተሻ ራሱ ስለጠፋ ማን ይጩህ? ትናንት 140 ፍተሻ ነበር፣ ዛሬ 137 ነው ብሎ የሚቆጥር ሰው ከሌለ ማንም አያውቅም። ሰርቨሩ ላይ ያለው አድራሻ ግን አልተዘጋም፤ ሰነድ የሌለው፣ ፍተሻ የሌለው፣ ባለቤት የሌለው በር ሆኖ ክፍት ይቀራል። የሶፍትዌር ደኅንነት ድርጅቱ ኦዋስፕ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው የኤፒአይ ደኅንነት ስጋቶች ዝርዝር ዘጠነኛው ቦታ ላይ ያለው ይኸው ነው፤ ያሉትን አድራሻዎች በአግባቡ ቆጥሮ አለመያዝ። ስለዚህ መጨመር በራሱ ይካሄድ፤ መሰረዝ ግን ሰው አይቶ ይፍቀድ። ኦኤስዲፍን የመሰሉ መሣሪያዎች ሁለት መግለጫዎችን አስተያይተው ነባር ተጠቃሚን የሚሰብረውን ለውጥ ለይተው ያሳያሉ፤ የሚፈቅደው ሰው የሚያነበው አንድ ገጽ እንኳ ላይሞላ ይችላል።

የመጨረሻው ነጥብ ደመናው ነው። ኮሌክሽኑ በሌላ ሰው ሰርቨር ላይ ይቀመጥ፣ ሁሉም በሊንክ ያግኘው የሚለው ምክር ላም አለኝ በሰማይ የሚለውን ተረት ነው ያስታወሰኝ። እ.ኤ.አ. በ2023 ኢንሶምኒያ 8ኛ ሥሪቱን ሲያወጣ አካውንት ያልከፈተ ሰው የነበረውን ሥራ ማግኘት ተቸግሮ ምን ያህል ጩኸት እንደተነሣ የሚያስታውስ ያስታውሳል፤ ኩባንያው በኋላ ያለ አካውንት የሚሠራበትን መንገድ መልሷል። በዚያው ዓመት ፖስትማንም ያለ አካውንት ይሠራበት የነበረውን ስክራች ፓድ አስቀረ። ለእኔ ግን ከዚህም የሚከፋው ወደ ኤፒአዩ የሚያስገባው ምስጢራዊ ቁልፍ ነው። ፖስትማን ለረጅም ጊዜ ለእያንዳንዱ ቫሪያብል ሁለት ዋጋ ነበረው፤ የመጀመሪያው ዋጋ ከቡድኑ ጋር ይጋራል፣ የአሁኑ ዋጋ በራስ ኮምፒውተር ላይ ይቀራል። አዲስ ሠራተኛ እውነተኛው አገልግሎት የሚሠራበትን ቁልፍ ከሁለቱ ሳጥኖች በየትኛው ይለጥፈዋል? ሊንኩ ለአጋሮች ሁሉ ከታደለ በኋላ የዚህ ጥያቄ መልስ የገንዘብ ጥያቄ ይሆናል። ኮሌክሽኑ ከኮዱ ጋር በአንድ የጊት ማከማቻ ውስጥ፣ እያንዳንዱ ጥያቄ በየራሱ የጽሑፍ ፋይል ቢቀመጥ፣ ማን ምን እንደለወጠ መስመር በመስመር ይታያል፤ ኔትወርክ በጠፋ ቀንም ሥራው አይቆምም። ብሩኖ የሚያስቀምጠው እንዲህ ነው። የፖስትማን ኮሌክሽን ሲወጣ አንድ ትልቅ የጄሰን ፋይል ስለሚሆን ለውጡን ማንበብ ያታክታል፤ ይቻላል ግን።

እኛ አሁን ሁለት ፎልደር አለን። አንዱ የመነጨው ነው፤ ማንም በእጁ አይነካውም፣ ማደሻው እንዳሻው ይለውጠዋል፤ ለመሰረዝ ብቻ ፈቃድ ይጠይቃል። ሌላው በእጅ የተጻፈው ነው፤ የፊርማው ስክሪፕት፣ የ07 ቁጥሩ፣ ረጅሙ ስም፣ የጳጉሜን ቀኑና ሌሎች ሃያ ያህል ጥያቄዎች ያሉበት። ይህንን ማደሻው አያውቀውም። ሌሊት ሁለቱም በሙከራ ሰርቨሩ ላይ ይሮጣሉ። በእጅ የተጻፈው ፎልደር በመግለጫው ለውጥ ምክንያት ሲሰበር የሚያስተካክለው ሰው ነው፤ በወር አንድ ሁለት ጊዜ ያጋጥማል፣ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ጸሐፊው ይህን ሩብ ሰዓት ነው ልናድናችሁ የሚሉን።

ዛሬ ጠዋት የሌሊቱን ውጤት ስከፍት አንድ ቀይ መስመር አገኘሁ። መግለጫው ትእዛዝ ሲፈጠር 201፣ ማለትም «ተፈጥሯል» የሚለው የመልስ ቁጥር፣ ይመለሳል ይላል፤ የመነጨው ጥያቄም 201 ይጠብቃል። ሰርቨሩ የመለሰው 200፣ ማለትም «ተሳክቷል» የሚለው፣ ነው፤ ይዘቱ ውስጥ ደግሞ ትእዛዙ አልተፈጠረም የሚል መልእክት አለ። ጥያቄውን ከነመልሱ ለባለቤቶቹ ልኬላቸዋለሁ። እስካሁን አልመለሱም።